ለንደን – ቶኪዮ፦ ስሌቱ 10 ሰዓት ተኩል ይላል፣ ትኬቱ 14 ሰዓት ይላል፤ ልዩነቱ ከየት መጣ?

መንገድ አስላ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። በሁለት ሩቅ ከተሞች መካከል ያለውን የበረራ ርቀትና ሰዓት ራሴ ማስላት መቻል እፈልጋለሁ። ለምሳሌ እንዲሆነኝ ለንደንንና ቶኪዮን ወስጃለሁ። አንዱ የርቀት ማስያ 9,560 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ሁለተኛው 9,600 ገደማ ይላል፤ ሦስተኛው 5,180 ብሎ አሃዱን ሳይጽፍ ያልፋል። የመጀመሪያውን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ስናካፍለው 10 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ይመጣል። የቀጥታ በረራ ትኬት ላይ የሚነበበው ግን 14 ሰዓት ገደማ ነው፤ የመልሱ ጉዞ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል።

ከሦስቱ ርቀቶች ትክክለኛው የትኛው ነው? ትርፉ ሦስት ሰዓት ተኩል ከየት መጣ? ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ መሄጃውና መመለሻው ለምን ይለያያሉ? ለሌሎች ከተሞችም የሚሠራ የአሰላል መንገድ ካላችሁ ደረጃ በደረጃ ብታስረዱኝ።

ኬክሮስና ኬንትሮስ (መልስ 1)

ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የተለያየው የለኩት ነገር ነው። የመጀመሪያው ከመሀል ከተማ እስከ መሀል ከተማ ነው። ሁለተኛው ከሂትሮው እስከ ሃኔዳ፣ ማለትም ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ሦስተኛውም ይኸው ሁለተኛው ሆኖ በባሕር ማይል የተጻፈ ነው። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር፣ የየብሱ ማይል 1,609 ሜትር ስለሆነ ያው ርቀት በየብስ ማይል ሲጻፍ 5,960 ይሆናል። አብራሪዎችና የበረራ እቅድ ሰነዶች የሚጠቀሙት በባሕር ማይል ነው። አሃድ ያልተጻፈበት ቁጥር ካጋጠመዎት በ1.852 እና በ1.609 አባዝተው ከሌላ ምንጭ ጋር ያስተያዩት፤ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የሁለቱን ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ በአስርዮሽ ዲግሪ ይያዙ፦ ለንደን 51.51 ሰሜን፣ 0.13 ምዕራብ፤ ቶኪዮ 35.68 ሰሜን፣ 139.65 ምሥራቅ። መጀመሪያ የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን ያባዙ፦ 0.7827 በ0.5832 ሲባዛ 0.4565 ይሆናል። ቀጥሎ የሁለቱን ኬክሮሶች ኮሳይን ያባዙና (0.6224 በ0.8123) ውጤቱን በኬንትሮሶቹ ልዩነት ኮሳይን ያባዙት። ልዩነቱ 139.78 ዲግሪ ስለሆነ ኮሳይኑ ኔጌቲቭ 0.7635 ነው፤ ውጤቱ ኔጌቲቭ 0.3861 ይመጣል። ሁለቱን ሲደምሩ 0.0704 ያገኛሉ። የዚህ ቁጥር አርክ ኮሳይን (ማለትም ኮሳይኑ ይህ ቁጥር የሆነው ማዕዘን) 85.96 ዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ በምድር ገጽ ላይ 111.195 ኪሎ ሜትር ስለሚይዝ ሲባዛ 9,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ ስሌቱ የሚበላሸው በሁለት ምክንያት ነው። ኤክሴል ሳይንና ኮሳይንን የሚያሰላው ራዲያን በሚባል ሌላ የማዕዘን መለኪያ ነው፤ ዲግሪውን ሳይቀይሩ ከሰጡት ስህተት መሆኑን ሳይነግርዎት የማይረባ ቁጥር ያወጣል። ሁለተኛው የምልክት ጉዳይ ነው፦ ምዕራብ ኬንትሮስና ደቡብ ኬክሮስ ኔጌቲቭ መሆን አለባቸው። ለለንደን ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ኒውዮርክን ግን 74 ምዕራብ በማለት ፈንታ 74 ምሥራቅ ብለው ካስገቡት ከተማዋን ኪርጊዝስታን ተራሮች ውስጥ አስቀመጧት ማለት ነው።

ከላይ ያለው ስሌት ምድርን ፍጹም ሉል አድርጎ፣ ራዲየሷን 6,371 ኪሎ ሜትር ይዞ ነው። እውነተኛዋ ምድር በዋልታዎቿ ጠፍጠፍ ያለች ናት፤ ከማእከሏ እስከ ምድር ወገብ 6,378፣ እስከ ዋልታ 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በሉልና በትክክለኛው ቅርጽ መካከል እስከ ግማሽ በመቶ የሚደርስ ልዩነት ይኖራል። ሁለት ጥሩ ማስያዎች በ20 ወይም በ30 ኪሎ ሜትር ቢለያዩ አይጨነቁ፤ ለበረራ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ የበለጠ ለውጥ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠፍጣፋው ካርታ ላይ ከለንደን ቶኪዮ በማስመሪያ መስመር ብናሰምር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዘነበለ ቀጥታ መስመር ይሆናል፤ አጭሩ መንገድ ግን ያ አይደለም። መርካቶር በሚባለው በተለመደው ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ያለው ያ ቀጥታ መስመር በእውነተኛዋ ምድር ላይ 11,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአጭሩ በ1,700 ይበልጣል። አጭሩ መንገድ ከለንደን ሲነሳ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 32 ዲግሪ ይዞ ይወጣል፣ እስከ 71 ዲግሪ ሰሜን ድረስ ይወጣና የሩሲያን ሰሜናዊ ዳርቻ ይዞ ወደ ጃፓን ይወርዳል። የሦስት ሰዓቱ ምስጢር ያለው እዚያው ላይ ነው፤ እሱን በበረራ እቅድ ላይ የሚሠሩ ሰዎች በተሻለ ያብራሩታል።

የሰማይ ካርታ (መልስ 2)

ኬክሮስና ኬንትሮስ ካቆመበት ልቀጥል። አጭሩ መስመር አብዛኛውን መንገድ በሩሲያ የአየር ክልል ውስጥ ነው የሚያልፈው። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2022 መጨረሻ ጀምሮ ያ ክልል ለእንግሊዝና ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች አየር መንገዶች ተዘግቷል፤ የጃፓን አየር መንገዶችም ያንን መንገድ ትተዋል። ከዚያ በፊት ለንደን–ቶኪዮ የ12 ሰዓት ያህል በረራ ነበር። ስለዚህ ርቀት ማስያው አልዋሸም፤ የሰጠዎት ግን ዛሬ የማይበረርበትን መንገድ ርዝመት ነው።

አሁን የሚበረረውን መንገድ ለመገመት መስመሩን መታጠፊያዎቹ ላይ ቆራርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ በዚያው ዘዴ ማስላት ነው። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ መንገዱ በጥቁር ባሕር ደቡብ፣ በካውካሰስ፣ በካስፒያን ባሕር፣ በካዛክስታንና በቻይና በኩል ነው። በግምት እንዲህ ይቆረጣል፦

ለንደን – ኢስታንቡል 2,500
ኢስታንቡል – ባኩ 1,760
ባኩ – አልማቲ 2,250
አልማቲ – ቶኪዮ 5,330

ድምሩ 11,840 ኪሎ ሜትር ነው። አውሮፕላኑ በእነዚህ ከተሞች አናት ላይ ልክ በልክ አያልፍም፤ ለግምት ግን ከበቂ በላይ ነው። ከአጭሩ መስመር 2,280 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ይህ ብቻውን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። 11,840 ለ900 ሲካፈል 13 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይሆናል። በዚህ ላይ የመሬት እንቅስቃሴውንና የመውጫ መውረጃውን ጊዜ ሲጨምሩ 14 ሰዓት አካባቢ ይደርሳል፤ ትኬቱ የሚለውም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ መመለሻው። በመካከለኛው ኬክሮስ ላይ፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ ጄት ስትሪም የሚባለው ጠንካራ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ክረምት ላይ (እዚህ የሰሜኑን የብርድ ወቅት፣ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለውን ማለቴ ነው) ይበረታል፤ በጃፓን አናት ላይ ደግሞ ከዓለም ከጠነከሩት መሀል ነው፣ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ማለፉ ብርቅ አይደለም። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት አይለወጥም፤ የሚለወጠው ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት ነው። ስለዚህ ከቶኪዮ ወደ ለንደን በመጡበት መንገድ ልመለስ ያለ አብራሪ ነፋሱን በደረቱ ይጋፈጣል።

ለዚህ ነው ጃፓን አየር መንገድ ከእገዳው በኋላ ወደ ለንደን ሲሄድ ወደ ምዕራብ በመዞር ፈንታ ወደ ምሥራቅ ተነስቶ በአላስካ፣ በሰሜን ካናዳና በግሪንላንድ በኩል መብረር የጀመረው። በስሌት እንየው፦ ቶኪዮ – አንከሬጅ (አላስካ) 5,570፣ አንከሬጅ – ለንደን 7,200፣ ድምር 12,770 ኪሎ ሜትር። በኢስታንቡልና በአልማቲ በኩል ካሰላነው ከደቡቡ መንገድ በ930 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በ900 ሲካፈል 14 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ነው። የደቡቡ መንገድ በዚሁ ሰዓት እንዲያልቅ አውሮፕላኑ ከመሬት አንጻር በሰዓት 835 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። በሌላ አነጋገር በደቡቡ መንገድ ላይ ያለው የፊት ለፊት ነፋስ በአማካይ ከ65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከበለጠ፣ ረጅሙ የሰሜን መንገድ ቀድሞ ያደርሳል። ክረምት ላይ ይህ በቀላሉ ይሆናል። መንገዱ በየቀኑ በዕለቱ የነፋስ ትንበያ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የሶቪየት ሰማይ ዝግ ስለነበር ከአውሮፓ ወደ ጃፓን የሚበረረው በአንከሬጅ በኩል፣ እዚያ ነዳጅ እየተሞላ ነበር፤ የስካንዲኔቪያው አየር መንገድ ኤስኤኤስ ከኮፐንሀገን ቶኪዮ ያንን መስመር የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የዛሬዎቹ አውሮፕላኖች ሳያርፉ ያልፉታል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

የዋልታ መንገድ የራሱ ጣጣ አለው። ውጪው እስከ ኔጌቲቭ 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ጄት ኤ-1 የሚባለው ነዳጅ የሚረጋው በኔጌቲቭ 47 ነው። በክንፍ ውስጥ ያለው ነዳጅ ወደዚያ መጠን ሲጠጋ አብራሪዎቹ ሞቅ ወዳለ አየር ዝቅ ይላሉ ወይም ፍጥነት ይጨምራሉ። ከፀሐይ የሚነሳ ማዕበል ደግሞ በዋልታ አካባቢ የራዲዮ ግንኙነትን ስለሚያውክ አንዳንድ ቀን መስመሩ ወደ ደቡብ ይገፋል። ሁለቱም በሰዓቱ ላይ ደቂቃዎች ይጨምራሉ።

መንገድ አስላ

እግዜር ይስጥልኝ፤ ካሰብኩት በላይ ነው። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ነፋሱ ሲሄዱ የሚቀንሰውን ያህል ሲመለሱ የሚጨምር ከሆነ፣ የደርሶ መልሱ ድምር ነፋስ ከሌለበት ቀን ጋር እኩል መሆን የለበትም ወይ? ሌላው፣ 900 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ለሁሉም አውሮፕላን ይሠራል?

ቋሚ ፍጥነት (መልስ 3)

አይካካስም፤ ይህችን ነጥብ ብዙ ሰው ይስታታል። 9,600 ኪሎ ሜትርን በ900 ሄደን በ900 ብንመለስ 10 ሰዓት ከ40፣ ሁለት ጊዜ፣ 21 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። የ100 ኪሎ ሜትር ነፋስ ካለ በ1,000 ሄደን በ800 እንመለሳለን፦ 9 ሰዓት ከ36 እና 12 ሰዓት፣ ድምሩ 21 ሰዓት ከ36 ደቂቃ። ነፋሱ 16 ደቂቃ አከሰረን። ምክንያቱ ነፋሱ የሚጎዳን ረዘም ላለ ጊዜ፣ የሚጠቅመን ግን ላጠረ ጊዜ መሆኑ ነው። ነፋሱ በበረታ ቁጥር ኪሳራው በፍጥነት ያድጋል፦ 200 ሲሆን 8 ሰዓት ከ44 እና 13 ሰዓት ከ43 ይሆናል፤ ድምሩ 22 ሰዓት ከ27 ነው። ስለዚህ የመሄጃና የመመለሻ ሰዓት አማካይ ወስደው «ነፋስ የሌለበት ሰዓት ይህ ነው» ካሉ ትንሽ አብዝተው ነው የሚገምቱት።

900ው የመጣው ከድምፅ ፍጥነት ነው። በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ የአየሩ ሙቀት በመደበኛው ኔጌቲቭ 56.5 ዲግሪ ነው፤ በዚያ ሙቀት ድምፅ በሰዓት 1,062 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 በማክ 0.85፣ ማለትም በድምፅ ፍጥነት 85 በመቶ ስለሚበሩ 903 ይሆናል። ቦይንግ 777 በ0.84 ይበራል፤ ልዩነቱ ከ1 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። እንደ ቦይንግ 737 ያሉት ጠባብ አውሮፕላኖች ግን በማክ 0.78 አካባቢ ነው፤ ለእነሱ 830 ይጠቀሙ። በ1,000 የሚያካፍሉ ማስያዎች አሉ፤ በምሥራቅ አቅጣጫ ጥሩ ቀን ካልሆነ በስተቀር እነሱን አይመኑ።

ወደ ትኬቱ ሰዓት እንምጣ። ትኬት ላይ የሚጻፈው በአየር ላይ የሚቆዩበት ጊዜ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት በር ወደኋላ ከተገፋበት ቅጽበት አንስቶ መድረሻው በር ላይ ቆሞ ጎማው እስከሚታገድ ድረስ ያለው ነው፤ ባለሙያዎቹ ብሎክ ታይም ይሉታል። በትልልቅ ማረፊያዎች እስከ ማኮብኮቢያው ለመድረስና ወረፋ ለመጠበቅ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ፣ ካረፉ በኋላ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። መውጣትና መውረዱም ቀርፋፋ ነው፤ በብዙ አገሮች ከ10,000 ጫማ በታች ከ250 ኖት፣ ማለትም ከ463 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አይፈቀድም። ይህን ሁሉ ጠቅልለው ለመያዝ የመንገዱን ኪሎ ሜትር ለ900 ያካፍሉና ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይጨምሩ።

ይህ ጭማሪ በረጅም በረራ ላይ ከአምስት በመቶ አይበልጥም፤ በአጭሩ ላይ ግን የስሌቱ ግማሽ ነው። 500 ኪሎ ሜትር በማካፈል ብቻ 33 ደቂቃ ይመጣል፤ እውነተኛው ትኬት ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይላል። በማካፈል ብቻ የሚሠሩ ማስያዎች በአጭር ርቀት ላይ እጅግ የሚሳሳቱት ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። አየር መንገዶች ሰዓቱን ከቀደሙ በረራዎቻቸው መዝገብ ተነስተው ትንሽ አስፍተው ነው የሚያወጡት፤ መዘግየቱ ከ15 ደቂቃ በታች ሲሆን «በሰዓቱ» ተብሎ ስለሚመዘገብ መጠባበቂያ መያዙ ይጠቅማቸዋል። ስለዚህ ከትኬቱ 20 ወይም 30 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ የተለመደ ነው። እውነተኛውን የአየር ላይ ሰዓት ከፈለጉ አውሮፕላኖችን በሚከታተለው ፍላይትሬዳር24 ድረ ገጽ ላይ የበረራውን ቁጥር ፈልገው ያለፉትን ቀናት ይክፈቱ፤ ከመነሻ እስከ ማረፊያ ያለውን ያንብቡ። አንድ ቀን ብቻ አይተው አይፍረዱ፤ የነፋሱ ለውጥ ብቻ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ያለያያል።

ሁለት ሰዓት ቀጠና (መልስ 4)

ስለ ርቀቱ ተባለ፤ ተጓዥ በብዛት የሚሳሳተው ግን በሰዓት ቀጠናው ነው። ትኬት ላይ የመነሻ ሰዓት በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻ ሰዓት በመድረሻው ከተማ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። አንዱን ከሌላው በቀጥታ መቀነስ የበረራውን ርዝመት አይሰጥም።

ሁለቱንም ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ወደ ዩቲሲ፣ ይቀይሩ። ቶኪዮ ዓመቱን ሙሉ ከዩቲሲ 9 ሰዓት ይቀድማል። ለንደን በክረምት ከዩቲሲ እኩል ነው፤ ከማርች የመጨረሻ እሑድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ግን አንድ ሰዓት ይቀድማል። ስለዚህ ልዩነቱ በክረምት 9፣ በበጋ 8 ሰዓት ነው። ክረምት ላይ ከለንደን በ09:00 ተነስቶ 14 ሰዓት የሚበር አውሮፕላን በዩቲሲ 23:00 ይደርሳል፤ በቶኪዮ ሰዓት በማግስቱ 08:00 ነው። ትኬቱን ያየ ሰው «23 ሰዓት ሊበር ነው» ይላል። በተቃራኒው ከቶኪዮ በ09:00 የተነሳ፣ 14 ሰዓት ተኩል ከበረረ፣ ለንደን የሚደርሰው በዚያው ቀን በ14:30 ነው፤ በችኮላ ላየው የአምስት ሰዓት ተኩል መንገድ ይመስላል። ከመድረሻው ሰዓት ጎን የምትጻፈውን ትንሽ «+1» (በማግስቱ ማለት ናት) አይለፏት፤ ሆቴል በተሳሳተ ቀን የሚያዘው ከእሷ የተነሳ ነው።

ትራንዚት ካለው ደግሞ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው ማስላትና ለእያንዳንዱ 35 ደቂቃውን መጨመር ያስፈልጋል። በኢስታንቡል በኩል 2,500 እና 8,940 ኪሎ ሜትር ነው፦ 3 ሰዓት ከ22 እና 10 ሰዓት ከ31፣ በድምሩ 14 ሰዓት ያህል። በዱባይ በኩል 5,480 እና 7,920 ነው፦ 6 ሰዓት ከ40 እና 9 ሰዓት ከ23፣ ወደ 16 ሰዓት። የሦስት ሰዓት ቆይታ ሲጨመር የመጀመሪያው 17፣ ሁለተኛው 19 ሰዓት ይሆናል። እነዚህ ዝቅተኛዎቹ ናቸው፤ የተዘጋ ሰማይ ለመዞር ከዚህ በላይ ሊሄድ ይችላል። የቻይና አየር መንገዶች አሁንም በሩሲያ ሰማይ ስለሚያልፉ በቤጂንግ ወይም በሻንጋይ በኩል የሚደረገው የአየር ላይ ጊዜ አንዳንዴ ከቀጥታው በረራ ብዙም አይለይም።

በትራንዚት ላይ የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት እንዲሆኑ ነው። አንድ ትኬት ከሆነ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ አየር መንገዱ በቀጣዩ በረራ ያሳፍርዎታል፤ ሻንጣውም አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ያልፋል። ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ከሆኑ ያመለጠው በእርስዎ ኪሳራ ነው፤ ሻንጣ ወስዶ እንደገና ማስመዝገብም ይኖራል፣ ለዚያም የመግቢያ ቪዛ ሊጠየቁ ይችላሉ። ለእንዲህ ያለው ከአራት ሰዓት ያነሰ ክፍተት አይያዙ።

የሰማይ ካርታ

በሁለት ሰዓት ቀጠና ላይ ትንሽ ልጨምር። የበረራ ፕሮግራሞች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ይለወጣሉ፤ የበጋና የክረምት ፕሮግራም ይባላሉ። አየር መንገዶቹ የነፋሱን ለውጥ የሚያስገቡት እዚያው ላይ ስለሆነ ያው የበረራ ቁጥር በጃንዋሪና በጁላይ የተለያየ ርዝመት ሊኖረው ይችላል። ወደፊት ለሚያስቡት ጉዞ ሲያሰሉ የዛሬውን ሰዓት አይውሰዱ፤ በዚያው ወር፣ በዚያው አቅጣጫ የወጣውን ይመልከቱ። ቶኪዮ ላይ ሃኔዳ ይሁን ናሪታ የሚለውንም አይርሱ። በአየር ላይ ልዩነቱ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም፤ ናሪታ ግን ከመሀል ከተማው 60 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሃኔዳ 15 ያህል ነው የሚርቁት፤ ከበር እስከ በር ለሚያሰላ ሰው ያ ልዩነት ከነፋሱ ሊበልጥ ይችላል።